አክስቴ የተሳለሙት በር

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለሽርሽር ብዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ ግን አላውቅም። ዳውንታውን ዴንቨር፣ ሆቴል ውስጥ አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ የታይላንድ ሴት ነበረች። «ዘንድሮ እናቴ ጋ ስሄድ አብረሽኝ ካልመጣሽ፣ ከእንግዲህ አንሶላውን ብቻሽን ታጥፊያለሽ» አለችኝ። ምን ላድርግ? ያሳደጉኝን አክስቴን ጠየቅኳቸው። በዚያው ዓመት ከፓርኪንግ ሥራቸው ሪታየር አድርገው ኦሮራ ቤታችን ቁጭ ብለዋል።

«ዝሆን አለ?» አሉኝ።

«ሞልቷል፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እሄዳለሁ። ጣዖት ቤት ግን አልገባም። ውጭ ሆኜ ጫማችሁን እጠብቃለሁ።»

አክስቴ ቆራቢ ናቸው። በዚህ ዓለም የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ከቁርባን መራቅን ነው፤ ቀልድ አያውቁበትም።

ላምፓንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር የባልደረባዬ እናት ቤት አረፍን። በማግስቱ አራታችንም አንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ለማየት ሄድን። ኮረብታ ላይ ያለ፣ ጣሪያው እንደ ክንፍ የተነባበረ፣ ከላይ እስከ ታች እንጨት የሆነ አዳራሽ ነው። የደረጃው ብዛት አይጣል! አክስቴ ቃላቸውን ጠብቀው ከሥር ቁጭ አሉ። የባልደረባዬ እናትም ጉልበታቸውን ያማቸዋልና አብረዋቸው ቀሩ። እኛ ስንወጣ ሁለቱ አሮጊቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው የሚያማቸውን ጉልበት አንዳቸው ለአንዳቸው ያሳያሉ።

አዳራሹ ገብተን ብዙም ሳንቆይ ዝናብ ወረደ። የዚያ አገር ዝናብ እመጣለሁ ብሎ አያስጠነቅቅም። በበሩ ብቅ ብል ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እያቃሰቱ ይወጣሉ። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከናነቡ። ውስጥ ጧፍ ይበራል፣ አንድ መነኩሴ በዝግታ ያነበንባል። አክስቴ አማተቡ፤ ግንባራቸውን መቃኑ ላይ አስነክተው በሩን ሳሙ።

ከዚያ ቀና ሲሉ በወርቅ የተለበጠ ቡድሃ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል።

«ወይኔ! ወይኔ ልጄ! ተሳለምኩ!»

«በሩን እኮ ነው፣ እትዬ።»

«በሩ የማን ነው ታዲያ?»

«እንጨት ነው።»

«ጣዖትም እንጨት ነው!»

የባልደረባዬ እናት ግን መዳፎቻቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ለአክስቴ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እኚህ ሴትዮ ደግሞ ምን ሆኑ?» አሉ አክስቴ፣ ጭራሽ ደንግጠው።

ባልደረባዬ አስረዳችን። በሩ ሲያረጅ የጠገኑት የእናቷ አባት ናቸው። ቱሪስት ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል፤ የሳመው እንግዳ ግን እናቷ አይተው አያውቁም።

አክስቴ ዞረው በሩን አዩት። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ የፈረሰ ግንብ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት፣ ሙዚየም ስንዞር በር ባየን ቁጥር «እጄን ያዢኝ!» ነው። ዝሆኑን ያዩት እንኳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው። ማታ ማታ ደግሞ «የንስሐ አባቴ ከቁርባን ከለከሉኝስ?» ይሉኛል። «ቢከለክሉኝስ ምን እሆናለሁ?» እኔም ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋብኝ፤ ያመጣኋቸው እኔ ነኛ።

ኦሮራ እንደገባን ሻንጣ ሳይፈቱ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ደወሉ። ስፒከሩን ማጥፋት ስለማያውቁ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ።

«ሆን ብለው ነው፣ እናቴ?»

«ኧረ አባቴ! እጄ ነው፣ አፌ ነው፣ ልማድ ነው!»

አባ ረጅም ሳል ሳሉ። ሳል ይሁን ሳቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ እንዲሰግዱ፣ እሑድ መጥተው እንዲቆርቡ ነገሯቸው። «በዚያ ጉልበት?» ብላቸው አክስቴ ተቆጡኝ። አንዲት ስግደት አላጎደሉም።

እሑድ ቆረቡ። ሰኞ ጠዋት ብቻቸውን 15 ቁጥር አውቶቡስ ይዘው ኢስት ኮልፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ ሄዱ። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ገዝተው መጡ፣ አጥበው ተኮሱት፣ በወረቀት ጠቀለሉት። «ባልደረባሽ ለእናቷ ትላክላቸው» ብለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።