ያላየሁትን መናዘዝ

ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ስማር አንድ መምህራችን፣ ዓይን ሊይዘው የማይችል ፈጣን ምስል በማስታወቂያ ውስጥ ተሰውሮ ሊገባ ይችላል እንደሚባል ነግሮን ነበር። አንዳንዶች ሰውን ሳያውቀው ያስጎመጃል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቢበዛ ቀድሞ የተጠማን ሰው ጥም ይቀሰቅስ እንደሆነ እንጂ ከዚያ አያልፍም ብለው ይከራከራሉ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲጯጯህ እኔ እጄን አላወጣሁም። ነገሩ ግን ተመርቄ ስመለስ አብሮኝ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ገባ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ለጸሎተ ሐሙስ ልቆርብ ወስኜ ነበር። እናቴ ቁርባን እሳት ነው እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ያልተናዘዘውን ነገር በልቡ ይዞ የቀረበ ይቃጠላል። ስለዚህ ራሴን እንደ እህል ሳበጥር ሰነበትኩ። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ የቅቤ ማስታወቂያ መጣ። ትኩስ ዳቦ ላይ ቢጫ ቅቤ ይቀልጣል፤ በቃ፣ ያልቃል። ዓይኔን ወዲያው መለስኩ። በማግስቱ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ግን የቅቤው ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ያኔ የመምህሬ ነገር ትዝ አለኝ። ያየሁትን እናዘዛለሁ። ሳላየው የገባውንስ?

ማስታወቂያውን ስልኬ ላይ አወረድኩት። የክፍሌን በር ዘግቼ በዝግታ እያስኬድኩ፣ እያቆምኩ፣ የተደበቀ ቃል ወይም ሥዕል ፈለግኩ። ምንም የለም። አለማግኘቴ ይበልጥ አስፈራኝ፤ የተደበቀ ነገር እኮ አይታይም። እንደገና ከፈትኩት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስሆን አፌ ምራቅ እየሞላ፣ የጎረቤት ላም በጮኸች ቁጥር ቅቤ ይታየኝ ጀመር።

የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ፣ እናቴ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ለመሆኑ ስንት ጊዜ አየሽው?" አሉኝ።

"አልቆጠርኩትም፣ አባ።"

"እንግዲህ ልጄ፣ ባለቅቤው በጨረፍታ አሳይቶሽ ሄደ። ሳምንት ሙሉ ስታቀልጪው የሰነበትሽው አንቺ ነሽ።"

እሳቸው ፈገግ አሉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

"ሳላውቅ የገባብኝ ነገር ካለስ፣ አባ? እሱን ምን ብዬ እናዘዘዋለሁ?"

ፈገግታቸው ጠፋ። ሳያውቁ ለሠሩትም ስርየት እንደሚለመን ነገሩኝ። ስልኬ ላይ ያለውን እንዳጠፋ፣ እስከ ሐሙስም እንድሰግድ አዘዙኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያ መምህርሽ፣ እውነት ነው አለሽ?"

እሱም ቁርጡን እንዳልነገረን፣ ከተከራካሪዎቹም ማንም ተረትቶ እንዳላየሁ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ቆረብኩ። ተራዬ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ። አልተቃጠልኩም። እንደ ወጉ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር፣ ከእናቴ ኋላ ኋላ ወደ ቤት ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር አዲስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተተክሏል። የእናቴን ተረከዝ ተረከዙን እያየሁ አለፍኩት እንጂ ቀና አላልኩም።

ቤት ገብቼ ነጠላዬን ስገልጥ ግን፣ ሰሌዳው ቢጫ እንደነበር አውቅ ነበር።