ነጩ ጋወንና ጉራች በሬ

የስማዳዋ ውባለም ልመንህ ቆማ የምታልም ልጅ ናት። ሌላው ሰው ለማለም ጋደም ማለት ይፈልጋል፤ እሷ ግን ገብስ ከወፍ ስትጠብቅ ዓይኗ እንደተከፈተ ትሄዳለች። የምትሄደውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ነጭ ጋወን ለብሳ፣ ጫማዋ ኮሽ ሳይል፣ ማለቂያ በሌለው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ። በጥቅምት ማለዳ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ማሳውን ሲያለብሰው «ይኸው ጋወኔ መጣ» ትላለች። ወፎቹም ይህቺን ሰዓት ያውቋታል፤ ገብሱ ላይ ይሰፍራሉ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም። አገር ሙሉ ስለወደቀ ማንም ማንንም አላማም፤ ለሐሜት የማይመች ዓመት ነበር። የቀሯት ሁለት በሮች ናቸው። አንዱ ደብረ ታቦር ያለ የግል ጤና ኮሌጅ ነው፤ ነርስ ያደርጋል፣ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያው ግን አንድ በሬ ይውጣል። ሌላው መካነ ኢየሱስ ያለ የመንግሥት ኮሌጅ ነው፤ የከብት ሕክምና ያስተምራል፣ ክፍያው ለስሙ ያህል ነው፣ ስንቅ ከቤት ይጫናል።

አባቷ ልመንህ ሁለት በሬ አለው፤ ቡሬና ጉራች።

«ጉራች ይሸጥ» አለ። «እኔ ከአያሌው ጋር እቀናጃለሁ።»

መቀናጆ ማለት፣ አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ከጎረቤቱ በሬ ጋር ጠምዶ በተራ ማረስ ነው። ነውር የለውም። ነውሩ ያለው የአያሌው በሬ ላይ ነው፤ ትልም መሐል ይተኛል።

ውባለም ምክር ፍለጋ ወገዳ ገበያ ወረደች፤ ጨው ሻጯ እትዬ የኔነሽ ዘንድ። ማን ተመርቆ የት እንደደረሰ፣ ከማን ጋር እንደደረሰም ጭምር፣ ከመዝገብ ቤት ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ከግሉ ኮሌጅ የወጡት ምን ላይ ናቸው?»

«የሞላን ልጅ ትዕግስትን አታውቂያትም? ነርስ ናት። ያቻትና ሱቅ ውስጥ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፤ ጋወኗ አቧራ ይከላከልላታል። ሁለቱ ዐረብ አገር ናቸው። አንዷ ግን ቀንቷት ጋይንት ጤና ጣቢያ ገብታለች፣ አልዋሽም።»

«ከመካነ ኢየሱሱ ኮሌጅስ?»

«ክንዱ ነዋ! የከብት ጤና ኬላው ቀጥሮታል። ሰው ሲታመም ጠበል ይሄዳል፤ ላም ስትታመም ግን ወደ ክንዱ ነው ሩጫው። ዶክተር ይሉታል አሉ።» አፍንጫቸውን ያዙ። «ብቻ ሽታውን የሚችል ባል ፈልጊ።»

ወደ ቤት ስትመለስ በሐሳቧ አንዲት ላም ወደዚያ ኮሪደር ልታስገባ ሞከረች። ላሟ አዳለጣት።

ጉብታው ላይ ስትደርስ ቁልቁል አየች። አባቷ ለሽንብራ ያርሳል። ከቡሬ ጎን የተጠመደው ግን ጉራች አይደለም፤ የአያሌው በሬ ነው። ለካ ሰውየው ለማንም ሳይናገር መቀናጆውን ሲለማመድ ነው የሰነበተው። በሬው ደግሞ እንደ ልማዱ ተኝቷል።

ማንንም ለምኖ የማያውቀው ልመንህ ትልሙ ላይ ተንበርክኮ የበሬውን ማጅራት ያሻል። «ተነሥ የኔ ጌታ፤ ሰው ሳያየን ተነሥ።»

ኮሪደሩ ሳትጠራው መጣባት። ነጭ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ጫፉ ላይ ግን አባቷ የጉራችን ጎን ቀንበር በገዛ ትከሻው ተሸክሞ፣ ከቡሬ እኩል ይጎትታል።

ሮጣ ወርዳ የቀንበሩን ማነቆ ፈታች።

«አባዬ፣ ጉራችን እናምጣው። እኔ ወደ መካነ ኢየሱስ ነኝ።»

«ጋወኑስ?» አለ ልመንህ፣ ገና እንደተንበረከከ።

«እዚያም ጋወን አለ ይባላል። ቶሎ የሚቆሽሽ ነው እንጂ።»

ልመንህ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና በአቧራ አመካኘ፤ በዚያ ርጥብ መሬት አቧራው ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ቀና አለ።

«በይ እንግዲህ ዶክተር፣ ይኼ በሬ ምን ሆኖ ነው የሚተኛው?»

ውባለም ጎንበስ ብላ ጆሮውን ዳሰሰች። በሬው ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ሩቅ ያለው ጉም ላይ ተክሏል፤ የሆነ ቦታ ሄዷል።

«እስክማር ድረስ» አለች፣ «ስንፍና ነው እንበል።»