ወደ ጅራት የሚሮጡ አንበሶች

ሃዊስ ባሏን ከቀበረች ስምንተኛ ወሯ ነው። በእንግሊዟ ዌንበሪ ከተማ የፈረስ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር የባሏን የሥራ ቤት እስከ ሚካኤል በዓል ድረስ እንድትይዝ ፈቅዶላታል። «ሥራሽ እንከን ካልወጣለት ትቀጥያለሽ። ከወጣለት ቤቱን ለወንድ ባለሙያ ትለቂያለሽ» ብሏታል የማኅበሩ አለቃ ዋሪን። ወንድ ባለሙያ ሲል የገዛ እህቱን ልጅ ማለቱ እንደሆነ የሰፈሩ ድመት ሳይቀር ያውቃል።

ሙያዋ መዳብ አቅልጦ፣ በተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ አፍስሶ የጌቶች አርማ ያለበት ትንሽ ጌጥ ማውጣት ነው። ጌጧ ከፈረሱ ደረትና ጎን ጠፍር ላይ ተንጠልጥላ ቅጭል ቅጭል ስትል፣ የሚመጣው የማን ቤት ሰው እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። አንዳንዱ ጌታ እንዲያውም ከጌጡ ሌላ የሚታወቅበት ነገር የለውም።

የቶርንቢ ቤት አርማ በሰማያዊ መደብ ላይ የቆመ የወርቅ አንበሳ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ተመልካቹ ግራ ያያል። ወደ ቀኝ የዞረ አንበሳ በጌቶች ዘንድ እንደሸሸ ይቆጠራል። የቶርንቢዎች አያት ደግሞ በጦርነት መሃል «ድንኳኔን አይቼ ልምጣ» ብለው በዚያው ስለቀሩ፣ ሽሽት የሚባል ቃል በዚያ ቤት አይነሳም።

ቶርንቢዎች ለሴት ልጃቸው ሠርግ ሃያ አራት ጌጥ አዘዟት። አሥራ ሁለቱን ባሏ ሬንፍሪ በፈለፈለው ድንጋይ አወጣች። ከዚያ ድንጋዩ ተሰነጠቀ፤ አዲስ ድንጋይ ይዛ አንበሳውን ራሷ ፈለፈለች። ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ነገር መዳቡ ላይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ይህን ሃዊስ አታጣውም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ መሮ ባነሳች ቁጥር ሬንፍሪ ከጀርባዋ «ገልብጪው» ይላት ነበር። እሷም «አውቃለሁ፣ ዝም በል» ትለው ነበር። ዘንድሮ ዝም አለ፤ እሷም ሳትገለብጠው ቀረች።

ያየችው ለማስረከብ ጨርቅ ላይ ስትደረድራቸው ነው። አሥራ ሁለቱ አንበሶች ከአሥራ ሁለቱ ጋር አፍ ለአፍ ገጥመው ይተያያሉ። ክው አለች። የቶርንቢ ቤት አዛዥ ፉልክ ደግሞ በሩ ላይ ከፈረሱ እየወረደ ነው። ዋሪንም ሊታዘብ ተከትሎት መጥቷል።

ፉልክ አንዱን አነሳ። «እመት ሃዊስ፣ ይሄ አንበሳ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ድንኳኑን ሊያይ ነዋ» አለ ዋሪን። የፉልክ ፊት ሲጠቁር ግን ቶሎ ወደ ሃዊስ ዞረ። «እንከን ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ቁልፉን አሁኑኑ ብትሰጪኝ ሚካኤልን መጠበቅ አያስፈልግም።»

ሃዊስ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች። ፈረሱ ቀኝ ጎኑን ሰጥቷት ቆሟል። ጠፍሩ ላይ የሬንፍሪ የድሮ አንበሶች ተደርድረዋል። እያየቻቸው እንባዋ ቆመ።

«ጌታዬ፣ እስቲ ይምጡ። የፈረስዎ ራስ በየት በኩል ነው?»

«እያሾፍሽ ነው?»

«ይንገሩኝ።»

«በዚህ በኩል ነዋ።»

«አንበሶቹስ ወዴት ይሮጣሉ?»

ፉልክ ጎንበስ ብሎ አየ። ዞሮ በግራ በኩል አየ፤ እዚያ አንበሶቹ ከፈረሱ ጋር ወደፊት ይሄዳሉ። ተመልሶ በቀኝ መጣ። እነዚህ ወደ ጅራት ይሮጣሉ።

«ስንት ዓመት ነው እንዲህ የሄድነው?» ድምፁ አነሰ።

«ሃያ ይሆናል። ሬንፍሪን ነፍሱን ይማረውና፣ ቤታችሁ በግራ ሲዘምት በቀኝ ሲሸሽ ኖሯል። አዲሶቹ አሥራ ሁለቱ የቀኝ ናቸው።»

«ይሄ ነገር ተሰምቶም አያውቅ» አለ ዋሪን።

«ለከተማው ሹም የሠራህላቸው ከርከሮስ፣ አለቃ፣ በቀኝ በኩል ወዴት ነው የሚሄደው?»

ዋሪን የሹሙን ፈረስ ሊያይ ሮጠ።

ፉልክ ሃያ አራቱንም ጠቅልሎ ወሰደ። ከሠርጉ በኋላ ወሬው አገር አዳረሰ፤ ዘሩን የሚቆጥር ጌታ ሁሉ እየመጣ የፈረሱን ቀኝ ጎን ማየት ጀመረ። ለሚካኤል ማኅበሩ ቤቱን አጸናላት። የሹሙን ከርከሮዎች እንድታስተካክል በጨርቅ ሸፍኖ ያመጣላት ደግሞ ዋሪን ራሱ ነው።

በማግስቱ ድንጋይ አስቀምጣ መሮዋን አነሳች። «ገልብጪው» አለች ጮክ ብላ፤ የግራውን ከርከሮ ገልብጣ ፈለፈለች። የማይገለበጠው የቀኙ ተራ ሲደርስ መሮው እጇ ላይ ቆመ። ሬንፍሪ ናፈቃት። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ በርጩማ አየችው።

«ይሄኛውን እንኳ እውነትም ዝም በል» አለችው፤ እያለቀሰች ሳቀችና ሥራዋን ቀጠለች።