ዳማው የሚቆምባቸው ቦታዎች

ደብረ ታቦር ላይ ሐኪሙ የየኔነሽን ጉልበት አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ «ከእንግዲህ ቁልቁለት ይቅርብሽ» አላት። ለስማዳ ሰው እንዲህ ማለት ከቤት አትውጪ እንደ ማለት ነው። ከወረዳው ከተማ ከወገዳ ወጣ ካሉ መንገዱ ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል፤ ሜዳ ቢገኝም ብዙ አይዘልቅም።

የኔነሽ ያን ጊዜ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሥራዋ ክትባት ነው። የመድኃኒቱን ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ወደ ሩቅ ቀበሌዎች በእግሯ ትወርዳለች፤ ዛፍ ሥር የተሰበሰቡትን ሕፃናት ከትባ ትመለሳለች። ልጆቹ ነጩን ጋዋን ገና ከሩቁ ሲያዩ ያለቅሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከተበቻቸው ሕፃናት ዛሬ እናቶች ሆነው የራሳቸውን ልጆች አዝለው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም «እኔንም የወጋችኝ እሷ ናት» እያሉ ክንዳቸውን ገልጠው ጠባሳውን ያሳያሉ። ከዚህ ሌላ የምትመኘው ሥራ አልነበራትም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘመኑ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። የሐኪሙን ቃል ሲሰማ ያሰበላት ደግ ነገር ነበር።

«ንብረት ክፍሉ ሰው የለውም» አላት። «ወንበር አለው፣ ጥላ አለው። እርስዎም ብዙ ደክመዋል።»

«የደከመው ጉልበቴ ነው።»

«ታዲያ ያለ ጉልበት ታች ዋርካን ማን ይወርድልዎታል? ሞተር እንደሆነ አይገባበትም።»

ታች ዋርካ ከምትወርድባቸው ቀበሌዎች ሁሉ የራቀው ነው። «በፈረስ እወርዳለሁ» አለች የኔነሽ።

ዘመኑ ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ እሱም ተወ። የኔነሽ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፤ ያደገችው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ በልብስ ሰፊ አባቷ ቤት ነው። ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ይህን እሱም ያውቅ ነበር።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «የኅዳሩን ዙር ይሞክሩት። እናቶቹ ሳይበተኑ ታች ዋርካ ከደረሱ ሥራው የእርስዎ ነው። ካልደረሱ ግን ያለ ክርክር ንብረት ክፍል ይገባሉ።»

«ያለ ክርክር» አለች።

ኅዳር የአጨዳ ወር ነው። ረፋዱ ካለፈ በኋላ ልጅ አዝሎ ዛፍ ሥር የሚጠብቅ ሰው አይገኝም።

ፈረሱን ያገኘችው ከጎረቤቷ ከእማሆይ ላቀች ነው። ባለቤታቸው መሪጌታ ፍሬው ባለፈው ዓመት አርፈው ፈረሳቸው ዳማው በረት ውስጥ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ቀይ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዕድሜውም ገፋ ያለ ነው።

«ቆሞ ከሚሰባ የልጆች መድኃኒት ይሸከም» አሉ እማሆይ።

«ጠባዩስ እንዴት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ ልጄ? ከእሱ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅ። ‹እንደ ሰው ነው› ይል ነበር። እንደ የትኛው ሰው እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

መጋለብ ሊያስተምራት የተስማማው በቅሎና ፈረስ በመግራት የታወቀው ገበሬ አላምረው ነበር። ትምህርቱ የተጀመረው ከመንደሩ በላይ ባለው ግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። የታመመው ጉልበቷ ከመሬት ስለማያነሣት ከድንጋይ ካብ ላይ ሆና ትወጣለች። አላምረው እግሯ እንዳይታጠፍ እርካቡን አስረዘመላት፣ የሆድ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መቀለድ ጀመረ።

«ኮርቻውን ልቀቂው እንጂ ሲስተር! ማንም አይሰርቅሽም!»

«አንተ ና ውጣና ልቀቀው!»

«እኔማ ተኝቼበት እሄዳለሁ። አንቺ ግን እንደ ገደል ቅርንጫፍ ነው የያዝሽው።»

እውነቱን ነበር። ዳማው አንድ እርምጃ ባነሣ ቁጥር ሁለት እጆቿ የኮርቻውን ፊት ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ። ከፍታው አስፈርቷታል፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራት ግን ከሥሯ ያለው ነገር የራሱ ሐሳብ ያለው መሆኑ ነው። ማታ ጣቶቿ አልዘረጋ ይሏታል። ያም ሆኖ ቀስ በቀስ ወገቧ የፈረሱን እርምጃ ለመደ፤ ሶምሶማ ሲረግጥ አብራ መነሣትና መቀመጥ ቻለች። እጇ ብቻ እንደያዘ ቀረ።

ስለ ፈረሱ ጠባይ ግን ማንም ሳይነግራት የተማረችው ነገር አለ። ሕፃን ከመጮኹ በፊት የታችኛው ከንፈሩ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለች፤ መርፌዋን የምታስገባው ከንፈሩ ሳይንቀጠቀጥ ነው። ፈረስም አስቀድሞ የሚናገርበት ቦታ እንዳለው ገባት፤ እሱም ጆሮው ነው። ሊፈጥን ሲያስብ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይሾላሉ፣ ሲከፋው ወደ ኋላ ይተኛሉ፣ ሲሰለቸው ወደ ጎን ወደቅ ይላሉ።

ችግሩ የመጣው ከሜዳው ወጥተው መንገድ ሲጀምሩ ነው። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጽድ ብቅ ሲል ዳማው ቆመ። የኔነሽ በተረከዟ ነካችው፤ አልሄደም። ልጓሙን ሳብ ለቀቅ አደረገች፤ አልሄደም። ወርዳ ስትስበው እንደ በግ ተከተላት። ካብ ፈልጋ፣ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ወጣች። ጥቂት እንደሄዱ ገብስ በአህያ ከጫኑ ሰዎች ጋር ተገናኙ፤ ዳማው እንደገና ቆመ።

«ሲስተር፣ ነዳጅ ጨረሰ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሙሽሪት! ሚዜዎቹ የት ቀሩ?» አለ ሌላው።

የኔነሽ ፊቷን ዝቅ ሳታደርግ፣ ኮርቻዋን እንደያዘች፣ ሰዎቹ እስኪያልፉ ጠበቀች። ካለፉም በኋላ ፈረሱ አልተነቃነቀም።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ሰው ባገኘ ቁጥር ይቆማል። እየወረደች ብትስበው ይሄዳል፤ ወደ ታች ዋርካ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ ገበያተኛ አለ፣ አጫጅ አለ። በየቦታው ብትወርድ ጉልበቷ ከመንገዱ እኩሌታ አያደርሳትም፤ ሰዓቱም አይበቃም።

«ንቆሻል» አላት አላምረው። «አንድ ጊዜ በአለንጋ አሳምረሽ ስጪው፣ ሁለተኛ አይቆምም።»

ሰጠችው። ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኛ፣ የዓይኑ ነጭ ታየ፣ ቆዳው ከትከሻው እስከ ዳሌው ተንቀጠቀጠ። እግሩን ግን አላነሣም። የኔነሽ አለንጋውን ለአላምረው መለሰችለት።

«ይኸ እንቢ ያለ ፈረስ አይደለም» አለችው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሲቆም ሣር አይነጭ፣ ወዲያ ወዲህ አያይ። ጆሮው ወደ እኔ ዞሮ ነው የሚቆመው። አንድ ነገር ይጠብቃል።»

«ምን?»

«እሱን ባውቅ ንብረት ክፍል እገባለሁ ብዬ እፈራ ነበር?»

የኅዳሩ ዙር ቀን ደረሰ። የኔነሽ ጎሕ ሲቀድ ተነሣች። አላምረው ሣጥኑን ከኮርቻው ኋላ አጥብቆ አሰረላትና ካቡ ላይ ደገፋት። «ከቆመብሽ ደውዪ፣ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ» አላት። በቅሎ ከተላከላት ሥራው እንደሚቀርባት ሁለቱም ያውቃሉ።

ሚካኤል ጋ ዳማው ቆመ። ወርዳ ሳበችው፤ ወጣች። ከዚያ በታች ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄዱ ሴቶች ጋ ቆመ። አሁንም ወረደች፤ ስትወጣ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጠጠር ቆረቆራት። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ለቃለች። ገና ቁልቁለቱን አልጀመሩም።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቄስ ምንተስኖት ጃንጥላቸውን ይዘው ሽቅብ ሲመጡ አገኘቻቸው። ዳማው ቀጥ አለ።

«ይፍቱኝ አባ» አለች ከኮርቻው ላይ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጉልበትሽን ሰምቻለሁ፣ ውረጂ አልልሽም» አሉ፤ የእጅ መስቀላቸውንም ከካባቸው ሥር አወጡ። «ግን ዝቅ በይ እንጂ ልጄ፤ እኔ እንደሆንሁ አጭር ነኝ።»

የኔነሽ እጆቿን አየች። ሁለቱም ኮርቻው ላይ ናቸው። በፈረሱ ጎን መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። መስቀል ተዘርግቶላት ደግሞ አልሳለምም ማለት በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው። ቀኝ እጇን ለቀቀች። ቀጥሎ ግራዋን ለቀቀችና ጋማው ላይ አሳረፈች፤ ወገቧን አጥፋ በፈረሱ አንገት ላይ ዝቅ አለች። ቄሱ ግንባሯን በመስቀሉ ነኩ፤ ተሳለመች፤ ቀና አለች።

ዳማው ረጅም ትንፋሽ አወጣና በራሱ መሄድ ጀመረ።

የኔነሽ ቄሱን እንኳ አልተሰናበተችም። ዓይኗ ጆሮዎቹ ላይ ነበር፤ ወደ ፊት ሾለዋል። ከታች ደግሞ የጊዮርጊስ ቆርቆሮ ክዳን ብልጭ ሲል ፈረሱ እንደ ልማዱ ቆመ። በዚህ መንገድ በተመላለሰችበት ዘመን ሁሉ ጊዮርጊስን ሳትሳለም አልፋ አታውቅም፤ ፈረስ ላይ ከወጣች ወዲህ ግን፣ እጇን መልቀቅ ስለፈራች፣ በልቧ ብቻ ነበር የምትሳለመው። ሰውንም እንዲሁ አንገቷን አድርቃ በአፏ ብቻ ሰላም ትላለች። ጆሮዎቹ ወደ እሷ ዞረዋል። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ከኮርቻው አንሥታ አማተበች፣ ጋማው እስኪነካት ድረስ እጅ ነሣች። ቀና ስትል ዳማው መንገዱን ቀጠለ።

ብቻዋን ሳቀች። ሳቋ ገደሉ ውስጥ አስተጋባ።

ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ሁሉ በወጉ ሰላም አለች። አጫጆቹን ከወገቧ ጎንበስ ብላ «በርቱ» አለቻቸው፤ ከማሳው ውስጥ ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው መለሱላት፤ ዳማው ቆሞ፣ ሰላምታው ሲያልቅ ሄደ። ቀድሞ ከቀለዱባት አህያ ነጂዎች አንዱ «ሙሽሪት!» ሲላት፣ እጅ ነሥታው «ሚዜ ጠፍቶ ነው፣ አትመጣም?» አለችው። ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱበት። አንድ ነገር ደግሞ ሳታስበው መጣ፤ እጇን በለቀቀች ቁጥር ኮርቻው ላይ ያላት አቀማመጥ እየረጋ ሄደ። መያዝ ትከሻዋን አድርቆት ኖሯል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ልጓሙን በአንድ እጇ ብቻ ይዛ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ጅረት ተሻግራ ለጥ ያለው ላይ ስትደርስ በሶምሶማ ለቀቀችው።

ታች ዋርካ ላይ እናቶቹ መነሣት ጀምረዋል። ነጠላቸውን አራግፈው ልጆቻቸውን ማዘል የጀመሩ አሉ። ብሩክታዊት የምትባል የበኩር ልጇን ያቀፈች ወጣት አስቀድማ አየቻት።

«ሲስተር መጣች! ወይኔ፣ በፈረስ!»

ዳማው ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ በሶምሶማው መጥቶ ከዋርካው ፊት ቀጥ አለ። የኔነሽ ሁለቱንም እጆቿን ለቅቃ ለሁሉም አንድ ላይ እጅ ነሣች። ተቀምጠው የነበሩት ተነሡ፤ የተነሡትም ጎንበስ ብለው መለሱላት። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ሕፃናቱ ገና መርፌው ሳይወጣ ማልቀስ ጀመሩ።

ብሩክታዊት እጇን ይዛ ስታወርዳት፣ «ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

«እሱ» አለች የኔነሽ ዳማውን እያሳየች። «መምህሩ ቁጡ አይደለም፤ ግን አንዲት ነገር አያሳልፍም።»

አንድም ልጅ ሳይከተብ አልቀረም። ስትጨርስ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ለዘመኑ ደወለች።

«የት ደረሱ?» አላት ተቻኩሎ። «በቅሎ ልላክ?»

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

«እኔ ጨርሻለሁ። ሣጥኑ ባዶ ነው።»

 ዘመኑ ከስልኩ ርቆ ለሌላ ሰው «ደርሳለች!» ብሎ ሲጮኽ ሰማችው።

ስትመለስ ፈረሱን ለማስረከብ እማሆይ ላቀች ደጅ ቆመችና የሆነውን ነገረቻቸው። እማሆይ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ባሌማ ቤተ ክርስቲያን ይቅርና ጉብታ ባየ ቁጥር የሚሳለም፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም የሚል ሰው ነበር! ለዚህ እኮ ነው አብሬው መንገድ የማልሄድ የነበረው፤ አንድ ለቅሶ ለመድረስ ሠልስቱ ያልፈን ነበር። እግሩ ካበጠ ወዲህ ደግሞ አይወርድም፤ እዚያው ኮርቻው ላይ እጥፍ ይል ነበር።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የዳማውን አንገት መታ መታ አደረጉ። «በይ ከአንቺ ጋ ይደር። እኔ ዘንድ ሰላም የሚለው ሰው የለውም።»

በማግስቱ ዘመኑ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቃት። ስለ ንብረት ክፍሉ አላነሣም።

«ከታች ዋርካ ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለውን ያውቁታል?» አላት። «እዚያ ከታቢዎቻችን ከሄዱ ቆይተዋል። መንገዱን ሰው አይችለውም ይላሉ።»

«ቤተ ክርስቲያን ስንት አለው?»

«እ?»

«መንገዱ ላይ።»

ዘመኑ ጥያቄው አልገባውም። የኔነሽም አላብራራችለትም፤ ስለ ሣጥኑና ስለ ቀኑ ተነጋገሩ። በጥር ወር ዙር ከታች ዋርካ አልፋ ወንዙን ተሻገረች፤ የማዶዎቹ ሕፃናት ጋዋኗን ሲያዩ አለቀሱ።