አክስቴ በአማርኛ የምታውቃቸው ኃጢአቶች

ባለፈው ቅዳሜ በወልቂጤ ገበያ ሳልፍ አንዲት ሴት በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ፈትታ ለገዢ ታሳይ ነበር። ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከኋላዬ ባጃጅ ክላክስ ቢያደርግም ቶሎ አልተንቀሳቀስኩም። አክስቴ ትዝ አለችኝ።

እዚያው ገበያ ቆጮ እየሸጠች ያሳደገችኝ እሷ ናት። አማርኛዋ ከገዢ ጋር ለመከራከር ይበቃል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የንስሐ አባታችን ደግሞ ከጎጃም የመጡ ቄስ ነበሩ፤ ጉራጊኛ አንድ ቃል አያውቁም። ቤታችን መጥተው ጠበል ከረጩ በኋላ እኔን አስወጥተው ያናዝዟታል። ገና ደጃፉ ላይ ሳልቀመጥ መልሰው ይጠሩኛል። "እንደ እሷ ያለች ንጹሕ ሴት አላየሁም" እያሉ በሰው ፊት ያመሰግኗት ነበር።

አንድ ዓመት ታመመችና አልጋ ላይ ዋለች። ያን ጊዜ ነው በጉራጊኛ የነገረችኝ።

"እኔ እኮ ንጹሕ አይደለሁም። በአማርኛ የማውቀው 'ሰው ተሳደብኩ'ን እና 'ጾም ገደፍኩ'ን ብቻ ነው። ሌላውን በምን ልንገራቸው?"

ሳቄ መጣ። ፊቷን ሳየው ግን ጠፋ። ሳትናገረው መሞትን ፈርታ ነበር።

ሄጄ ለቄሱ ነገርኳቸውና ላስተርጉም አልኳቸው። "የነፍስ ምስጢር በአስተርጓሚ አይሆንም!" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ይህን ሁሉ ዓመት እኮ ሳመሰግናት ነው የኖርኩት" አሉ። ጉራጊኛ የሚችል ሌላ ቄስ ከገጠር እንጥራ ብንላትም አክስቴ የንስሐ አባቴን አልለውጥም አለች።

ከዚያ ወዲያ ቄሱ ከቅዳሴ መልስ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ እየተቀመጡ ጉራጊኛ ይማሩ ጀመር። ገበያ ላይ እንደምትከራከረው እየተቆጣች ታርማቸዋለች። ሲሳሳቱ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። አንዳንድ ምእመናን "ቤተ ክርስቲያን በግእዝና በአማርኛ ነው የኖረችው፤ እሷ ለምን አማርኛ አትማርም?" ብለው አጉረመረሙ። እሳቸውም "እሷ እስክትማር ሞት አይጠብቅም" አሏቸው።

ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ውጪ" አሉኝ። ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ማንም አልጠራኝም። ስገባ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር። አክስቴ "ራበኝ" አለች፤ ከስንት ቀን በኋላ እህል ቀመሰች። ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች። ምን እንደነገረቻቸው ዛሬም አላውቅም፤ ደስ ይለኛል አለማወቄ።

ቄሱ አሁን ሸምግለዋል። በአማርኛ ሰብከው ሲያበቁ በጉራጊኛ ይደግሙታል። የከተማው ልጆች ግን፣ የእኔዋም ጭምር፣ ጉራጊኛው ሲጀመር ስልካቸውን ያወጣሉ፤ አይሰሙትማ። ባለፈው እሑድ መስቀላቸውን ስሳለም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ አልፎ አልፎ ነይና እናውራ። በእሷ ቋንቋ የሚናዘዝልኝ እየጠፋ አፌ ሊተሳሰር ነው" አሉኝ፣ በጉራጊኛ።

እመጣለሁ ልላቸው ፈለግሁ። አክስቴ ካረፈች ወዲህ ግን ጉራጊኛ የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ ቃሉን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁትና በአማርኛ መለስኩላቸው።