ለፈረሷ ያጨድኩት ሳር

«እማዬ፣ ግቢው ሲሸጥ ፈረሷም አብራ ትሸጣለች?» አለችኝ ልጄ። «እግዜር ያውቃል» አልኳት። ሱሉልታ የምጠብቀው የፈረስ ግቢ ጋጣው ዘሟል፣ ጣሪያው ያፈሳል። በሩ ላይ «የሚሸጥ፣ እድሳት ይፈልጋል» የሚል ተለጥፎ ከርሟል። የቀረችውም አንዲት አሮጊት ባዝራ ናት።

ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ለባዝራዋ ከታች ካለው ሜዳ ያጨድኩትን ሳር ታቅፌ ግቢ ስደርስ፣ ዱላና ክብሪት የያዙ ወጣቶች በሩን ገፍተው ገቡ። «የባለሀብት ነው፣ ይቃጠል» አለ አንዱ። ልጄ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ሳሩን እንዳቀፍኩ ፊታቸው ቆምኩ።

ሁሉም ቀጥ አሉ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ከኋላ ደርሰው፣ «በኛ ወግ እርጥብ ሳር የያዘ ምህረት ለማኝ ነው፤ ይዛ ስትለምናችሁ እያያችሁ እሷን አልፎ የሚገባ ማነው?» አሏቸው። «ይቃጠል» ያለው ልጅ «ቶሌ፣ እሺ አባ» ብሎ ክብሪቱን ኪሱ ከተተና ተያይዘው ወጡ።

«ይህን ወግ ማን አስተማረሽ?» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ።

«ኧረ እኔስ ለፈረሷ ነው ያጨድኩት» አልኳቸው። እቅፌ ላይ ላለው ሳር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሳር ላጭድ ወደዚያው ሜዳ ወረድኩ፤ ዳር ላይ ስደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው፣ ጫማዬን አወለቅኩ።