ግሬናዳን ፍለጋ ወደ ቢላ

ከነቀምቴ የተነሣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጉልበቴ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ አትላስ አለ። የምሄደው አንዲት አገር መኖሯን ልመሰክር ነው።

የቀድሞ ተማሪዬ ኢፋ ቢላ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከትናንት በስቲያ ደውሎ፣ «በርሲሳ» አለኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው፤ «ተማሪዬን አገር ፈጠረች ብለው ከውድድር ሊያስቀሯት ነው።» ልጅቷ ለሊሴ ትባላለች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድን አገር በአጭሩ በማስተዋወቅ ውድድር ግሬናዳን መርጣ አንደኛ ወጣች፤ ነቀምቴ መጥታ ወረዳዋን ወክላ ልትወዳደር ነበር። በማግስቱ ዳኞቹ የትምህርት ቤቱን የግድግዳ ካርታ ቢያዩ አገሪቱን አጡ፤ ውጤቷን ሰረዙ። አቤቱታዋ የሚሰማው ዛሬ ከሰዓት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ይህን ስሰማ ግን ደሜ ፈላ።

አኖ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

መኪና እስክቀይር በቅቤ የተለወሰ አንጮቴ በመቶ ሃያ ብር በላሁ። ባለቤቷ ጥቅሉን እያየች፣ «ኦቦ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ነው?» አለችኝ።

«ካርታ ነው።»

«ውይ! የመሬት ክርክር አለብዎት!»

«የደሴት» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ወደ ቢላ የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ነው። በቆሎው ግራና ቀኝ ቆሟል፤ የማንጎ ዛፎቹ አቧራ ለብሰዋል። ከመስኮቱ የማያት ወረዳ ከግሬናዳ ሳትሰፋ አትቀርም። ግሬናዳ በካሪቢያን ባሕር ጫፍ፣ ከቬንዙዌላ ጠረፍ በላይ ያለች እሳተ ገሞራ የወለዳት ደሴት ናት፤ ካሪያኩና ፔቲት ማርቲኒክ የሚባሉ ታናናሽ ደሴቶችም አሏት። ሕዝቧ አብዛኛው በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ዘር ነው። ፈረንሳይ ገዛቻት፤ እንግሊዝ ገዛቻት፤ ከዚያ ራሷን ቻለች። ይህን ሁሉ አልፋ የመጣችን አገር ትንሽ ናት ብሎ የለችም ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ቢላ፣ ስምንት ሰዓት

አቤቱታውን የሚሰማው ኮሚቴ ሰብሳቢ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ። «እናከብርዎታለን» አሉ፤ «ግን ይህች ልጅ የእኛኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቆራርጣ፣ ጎኑ ላይ ቅመም ለጥፋ ባንዲራ ነው ትለናለች። በቅመም የሚምል አገር አለ?»

አዳራሹ ሳቀ። ለሊሴ ተነሣች። «ገውዝ ነው። እኛ በቡና እንደምንኖረው እነሱም በገውዝ ይኖራሉ።»

«ታዲያ ካርታው ላይ የት አለች?»

«ቢላስ የት አለች?»

አትላሴን ገልጬ ዘረጋሁ። ሰብሳቢው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ይህ የግል መጽሐፍዎ ነው። ማኅተም ያለው ያ የግድግዳው ካርታ ነው።»

ማኅተም! ተቆጥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ጣቴን ከቬንዙዌላ ጠረፍ ወደ ላይ ሳስኬድ ክብ ሐምራዊ ማኅተም ላይ አረፈ። በውስጡ የንብረት ቁጥር ተጽፏል። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነበር።

ከዓመታት በፊት ነቀምቴ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ማኅተሙ የማንንም አገር መሬት እንዳይነካ ታዝዤ ነበርና ለየትምህርት ቤቱ በምንልካቸው ካርታዎች ሁሉ ላይ ባዶ የመሰለኝን ውኃ መርጬ መታሁበት። አትላሱ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አልገለጥኩትም።

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ጽሕፈቴን ልብ ያለ አልነበረም።

«መጋዘን ሳለሁ የመታሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አገሪቱ ከሥሩ ናት።»

ኢፋ ካርታውን አውርዶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ከቀለሙ ሥር አንዲት ነጥብና ደቃቅ ፊደላት ታዩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ተቀምጠው ውጤቱ እንዲጸና ጽፈው ፈረሙ።

ደጅ ላይ ለሊሴ ደረሰችብኝ። ምስጋና የጠበቅሁ ይመስለኛል።

«በርሲሳ፣ ሌሎቹስ ካርታዎች?»

ነቀምቴ፣ በማግስቱ

በሰዎቹ ላይ ተቆጥቼ ሄጄ በራሴ ላይ ተቆጥቼ ተመለስኩ። ዳኞቹ ያመኑት እኔ ያተምኩትን ነው። አትላሱን ከጋዜጣው ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ገልጬ ተውኩት፤ ካርታ የላክሁላቸውን ትምህርት ቤቶች እያስታወስኩ ስማቸውን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለኑኑ ቁምባ ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ይጀምራል፦ «በካርታችሁ ላይ ያለው ማኅተም አገር ሸፍኗል፤ የመታሁትም እኔ ነኝ።»